ባለ ክሩ ማጨጃ እና የእናቴ ግቢ

ያኔ አርባ ስድስት ዓመቴ ነበር። አርባ ስድስት ዓመት ማለት ሰው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ ቤት ሙሉ መነጽሩን የሚፈልግበት፣ ምክር የሚጠይቀው ሰው ግን ከቀን ወደ ቀን የሚበዛበት ዕድሜ ነው። እኔም ሲግናል ሰፈር ባለችኝ ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት ተቀምጬ ለሰፈሩ ሁሉ መካሪ ነበርኩ። ስለ ባል ቢጠይቁኝ መልስ አላጣም፤ ስለ በርበሬ ቢጠይቁኝ መልስ አላጣም። ሣር የሚያጭድ ማሽን እንዴት ይመረጣል ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም። ቢጠይቀኝም መልስ አላጣም ነበር፤ ጠባዬ እሱ ነው።

ነገሩ የመጣው በእናቴ መውደቅ ነው። አትደንግጡ፣ ደህና ናት።

እናቴ ከየካ ሚካኤል ወደ ላይ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከሚጀምርበት ጥግ ብቻዋን ትኖራለች። ግቢው ሰፊ ነው። አባቴ በሕይወት ሳለ ድንችና ጎመን ይተክልበት ነበር፤ እሱ ካረፈ ወዲህ ግን ግቢው የፈለገውን ማብቀል ጀመረ። ሐምሌ ላይ ወገብ ይደርሳል፤ ነሐሴ ላይ ትከሻ። ከዚያ በኋላ እናቴን ለማግኘት በሩ ላይ ቆሞ መጣራትና ድምፅ ወደመጣበት መሄድ ነው። ጎረቤታችን ጋሽ ተፈራ እንደሚሉት ባለፈው ዓመት ጅብ ወልዳበታለች። ጋሽ ተፈራ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ብዙ ነገር ያያሉ።

ሽንት ቤቱ እንደ ድሮ ቤት ሁሉ ግቢው መጨረሻ ላይ ነው። ጳጉሜን ውስጥ አንድ ማለዳ እናቴ ወደዚያው ስትሄድ አዳለጣትና ወደቀች። አረሙ ውስጥ ተጋድማ፣ ጋሽ ተፈራ ከአጥሩ ማዶ እስኪሰሟት ድረስ ስትጣራ ቆየች። እጇ ወለም ከማለቱ በቀር ምንም አልሆነችም። ስንደርስ የመጀመሪያ ቃሏ "አወዳደቄ ጥሩ ነበር" የሚል ነው።

ታናሽ ወንድሜን ደረጀን ግን ይሄ አላጽናናውም። ደረጀ አያት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን ይኖራል፤ ቢሮ ነው የሚሠራው፤ ምሳ ሲበላ እንኳን ስብሰባ የሚመራ ይመስላል። የዕንቁጣጣሽ ዕለት እናታችን ጋ ተሰብስበን ዶሮው ገና ከጣታችን ሳይታጠብ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እማዬ፣ ይሄ ነገር በዚህ ሁኔታ ሊቀጥል አይችልም።"

"ዶሮው?" አለች እናቴ።

"ግቢው! ወድቀሽ ሰው የማያይሽ ቦታ ብቻሽን አትኖሪም። ለመስቀል ይሄ ጫካ ታጭዶ ካላየሁ መኪና ይዤ እመጣለሁ። እኔ ጋ ነው የምትኖሪው።"

"እኔ ከዚህ የምወጣው ወደ ሚካኤል ነው" አለች፣ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል በአገጯ እያመለከተች። ወደ ቅዳሴ እንዳልሆነ ሁላችንም ገብቶናል።

ደረጀ ክፉ ልጅ አይደለም። ፈርቶ ነው። እኔም ፈርቼ ነበር። ነገር ግን እናታችን ከዚህ ቀደም አያት ለአንድ ሳምንት ቆይታ አይቻታለሁ። ያቺ በገዛ ግቢዋ ንጉሥ የማትፈራ ሴት ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ ውሃ ለመጠጣት እንኳን ታስፈቅድ ነበር። በየደረጃው ላገኘችው ሰው ሁሉ ቆማ "እንዴት አደራችሁ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው?" ስትል፣ ሰው ቁልፉን እየፈለገ ያልፋታል። በሰባተኛው ቀን ወደ ቤቷ ስትመለስ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ደጇ ላይ ቆማ ጋሽ ተፈራን መሳደብ ነው። ምንም አላደረጉም፤ ናፍቃ ነው።

ስለዚህ "እኔ አሳጭደዋለሁ!" አልኩ። ከአፌ አምልጦኝ ነው። ብዙ ነገር ያመልጠኛል።

እናንተ ደግሞ ትሉኛላችሁ፤ ማጭድ የያዙ ሁለት ሰዎች ቀጥሮ ማሳጨድ ነው እንጂ ይሄ ምን ወግ ይሆናል? አደረግሁት። በማግስቱ ሁለት ጎበዝ አጫጆች ይዤ ወጣሁ። እናቴ መረቀቻቸው፤ ቁርስ አበላቻቸው። አንደኛው ማጭዱን አንሥቶ የመጀመሪያውን እፍኝ ጨበጠ።

"ተው! ተው! ዳማከሴዬን!"

ሰውዬው ደንግጦ ወደ ግራ ዞረ።

"እሱ ምስርች ነው! ልጆቼን ከስንቱ ያተረፍኩበት!"

ወደ ቀኝ ዞረ።

"እሱን ከምታጭድ እኔን እጨደኝ!"

ሰውዬው ማጭዱን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ በትሕትና ጠየቀ። "እማማ፣ አረሙን ያሳዩን። የቱ ነው አረሙ?"

እናቴ ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ቃኘችው። ረጅም ጊዜ ወሰደባት።

"እዚህ ምን አረም አለ?" አለች።

አጫጆቹ ምሳም በልተው፣ ተመርቀው፣ አንድ ቅጠል ሳይቆርጡ ወረዱ። እናቴም ማጭድ የያዘ ሰው ሁለተኛ ደጇን እንዳይረግጥ ማለች። የእናቴ መሐላ እንደ ስፌት ነው፤ ከተሰፋ በኋላ መተርተር ነው እንጂ ማስተካከል የለም። ግን እኔም ልጇ ነኝና መሐላው ላይ ቀዳዳ ፈለግሁ።

"ማሽን ቢሆንስ እማዬ?"

"ማሽን?" አሰበች። "ማሽን ጥሩ ነው። ማሽን እንደ ሰው አይከራከርም። እኔ አዛለሁ፣ አንቺ ትነጂዋለሽ።"

ማሽን የማማከር ሥራ እንግዲህ ስፌት ቤቴ ውስጥ ተጀመረ። የሱሪ እግር ልታሳጥር የመጣች መምህርት "ባለ ባትሪውን ነው፤ ድምፅ የለውም" አለችኝ። ባትሪውን ለመሙላት መብራት እንደሚያስፈልግ፣ መብራት ደግሞ እናቴ ሰፈር እንደ እንግዳ አልፎ አልፎ ብቅ እንደሚል ነገርኳት። "እንግዲያው በገመድ የሚሠራውን" አለች፤ ያም የሚጠጣው ያንኑ መብራት መሆኑ ትንሽ ቆይቶ ገባት። የመዘምራን ልብስ ልትለካ የመጣች ዘማሪ ደግሞ "መጀመሪያ እንጸልይበት" ብላ እዚያው ዓይኗን ጨፈነች፤ እኔም ሜትሩን ወገቧ ላይ እንደያዝኩ አብሬ ጨፈንኩ። አሜን ስንል ባለ ቤንዚኑ ልቤ ውስጥ ገብቶ ነበር።

መገናኛ አካባቢ እንዲህ ያለ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ሱቅ አገኘሁ። ሻጩ ጸጉሩን ከጎንና ከጎን የተላጨ ወጣት ነው።

"ማዘር፣ ለጋርደን ነው ለእርሻ?"

"ለእናቴ ነው።"

ይሄ መልስ አልበቃውም መሰለኝ፣ ሁለት ማሽን አወረደ። ሁለቱም ረጅም ዘንግ ናቸው፤ ከላይ ሞተር፣ መሃል ላይ እጀታና ማንገቻ። ልዩነታቸው ከታች ነው። አንደኛው ጫፉ ላይ ባለ ሦስት ጥርስ ቢላ አለው። ሁለተኛው ጥቁር ጥቅልል ነገር አለው፤ ከሱ ወፈር ያለ አረንጓዴ ክር ወጥቶ ተንጠልጥሏል።

"ያኛው በቢላ ነው የሚሠራው። ይሄኛው በክር።"

"በምን?"

"በክር።"

ሳቄ መጣ። ምን ልበላችሁ፣ ዕድሜዬን በሙሉ ክር ነው የበላሁት። በአፌ አርጥቤ መርፌ ውስጥ ስከት፣ በጥርሴ ስበጥስ ኖሬያለሁ፤ ክር ቆዳ ቢኖረው እሱንም አውቀው ነበር። "የኔ ልጅ" አልኩት፣ "ክር ሣር አይቆርጥም። ክር የሚቆርጠው የሰነፍ ሰፊ ጣት ነው።"

"ማዘር፣ ሲሽከረከር እኮ ነው። ስፒዱ ነው የሚቆርጠው።"

"እስቲ አሳየኝ።"

"እዚህ ሣር የታለና?"

ሁለታችንም ወደ ታች አየን። ለዕንቁጣጣሽ የተጎዘጎዘው ቄጠማ ከሱቁ ወለል ላይ ገና አልተጠረገም ነበር።

ልጁ "አይሆንም" ብሎ ነበር። እውነቱን ለመናገር ሁለት ጊዜ ብሏል። እኔ ግን ጨርቅ ሳልጎትት፣ ሳላሽ፣ ብርሃን ላይ ሳላይ የገዛሁበት ቀን የለም። ያለ ልኬት ዕቃ አልገዛም አልኩት። ለማሳያ ጠብታ ቤንዚን ነበረበትና አስነሣው። ያ ክር አንዴ ዋይ ሲል ቄጠማው ከወለሉ ተነሥቶ ሱቁን ሞላው። የውሃ ፓምፖቹ አረንጓዴ ሆኑ። ሒሳብ የምትቀበለው ልጅ ሻይ ውስጥም ገባ። ከጎን ያለው ሱቅ ባለቤት እሳት ተነሣ ብሎ ባልዲ ውሃ ይዞ መጣና ደጃፉ ላይ ቆሞ "ምንድነው የምትፈጩት?" አለ። እኔ ግን ቁጢጥ ብዬ ከወለሉ ላይ አንድ ቁንጥር አነሣሁ። ቄጠማው እንደ ሱረት ደቅቋል። በክር!

ሙያዬ ኮራ። እንዲህ ያለ ክር በዓለም ላይ ካለ ሌላ ማሽን አልፈልግም።

"ቦታው ጫካ ከሆነ ግን ባለ ቢላውን ውሰጂ" አለ ልጁ፣ ከጸጉሩ ላይ ቄጠማ እየለቀመ። "ሳማ ምናምን ካለ ክሩ እየከተፈ ይረጨዋል። ቦት ጫማ፣ ወፍራም ሱሪ፣ መነጽር ያስፈልጋል።"

"መነጽር አለኝ" አልኩት። የሰማሁት እሱን ብቻ ነው።

አሁን ማሽኑ ቤንዚን ይፈልጋል። ቀላል ነው ብዬ ማንገቻውን ትከሻዬ ላይ አድርጌ በአቅራቢያው ወዳለው ማደያ ሄድኩ። በጀሪካን እንደማይቀዳ አውቃለሁ፤ ሞኝ አይደለሁም። ለዚህም ነው ማሽኑን ራሱን ይዤ የሄድኩት። ሰልፉ መንገዱን ይዞ እስከ መታጠፊያው ደርሷል። ከአንድ ባጃጅ ኋላ፣ ከአንድ አሮጌ ታክሲ ፊት ተሰለፍኩ። ባጃጁ ሲጠጋ እጠጋለሁ፤ ሲቆም እቆማለሁ። አንድ ጊዜ ሐሳብ ይዞኝ ስዘገይ ባለ ታክሲው ክላክስ አደረገብኝ። "እናት፣ ጠጋ በይ እንጂ፣ መስመር ዘጋሽ!" ይቅርታ ጠይቄ ጠጋ አልኩ።

ተራዬ ደረሰ። ቀጂዋ ልጅ ስልኳን እያየች "ታርጋ" አለች።

"የለውም።"

ቀና አለች። እኔን አየች፤ ዘንጉን አየች፤ ወደ ኋላዬ አየች፤ መኪና ፈልጋ ነው። "ያለ ታርጋ ሲስተሙ አይቀበልም።"

"እመቤቴ፣ ጎማ የለው፣ መሪ የለው፣ ታርጋውን የት ላይ ይለጥፈው?"

"እኔ ምን ላድርግ? ታርጋ ካላስገባሁ አይከፍትም።"

"በኔ ታርጋ ቅጂላትና እንገላገል!" አለ ባለ ታክሲው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ።

"በሰው ታርጋ አይቻልም።"

"እሺ ዘመዴ ናት በይው!"

"ማንን ነው የምለው? ሲስተሙን?"

ሰልፉ ሁለት ወገን ሆነ። ግማሹ ሕግ ነው ይላል፤ ግማሹ ለአንድ ብርጭቆ ቤንዚን ሴትዮዋን አታንገላቱ ይላል። አንድ ሽማግሌ ከመኪናቸው ወርደው ማሽኑን ዞረው ካዩ በኋላ "ምርመራ አልፏል?" ብለው ጠየቁ፤ እስከ ዛሬ የምር ይሁን የቀልድ አላውቅም። በመጨረሻ ባዶዬን ከሰልፉ ወጣሁ። ባለ ታክሲው ቀድቶ ሲጨርስ መንገዱን ተሻግሮ ደረሰብኝና ከገዛ ታንከሩ በቀጭን ጎማ ስቦ አንድ ጠርሙስ ሞላልኝ። አፉን በውሃ እየተጉመጠመጠ "የወንበሬ ልብስ ተቀዷል፣ ትሰፊልኛለሽ" አለ። ተስማማን። በዚያው ሌላም ሰው እየጫነ እስከ የካ ሚካኤል አደረሰኝ። ዘንጉ ከኋላ ወንበር እስከ ጋቢና ተጋድሞ፣ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ተሸማቀው "ልጄ፣ ፈንጂ መፈለጊያ ነው?" አሉኝ። ማስረዳት ደክሞኝ "አዎ" አልኩ። እስክወርድ ድረስ ሰው ሁሉ ሰፊ ቦታ ለቀቀልኝ።

የእናቴን በር ስከፍት ግን መጀመሪያ የተሳሳተ ግቢ የገባሁ መሰለኝ። ግቢው በሙሉ ያውለበልባል።

ለካ እናቴ እኔ ማሽን ስመርጥ ሥራ አልፈታችም። ለትራስ መሙያ ብዬ ከስፌት ቤት የማመጣላትን ቁርጥራጭ ጨርቅ አውጥታ፣ መታጨድ የሌለበት ተክል ላይ ሁሉ አንድ አንድ አስራበታለች። የሚዜዎች ሐምራዊ፣ የመዘምራን ሰማያዊ፣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የማን እንደሆነ የማላስታውሰው ባለ አበባ ሽፎን። ነፋሱ ከእንጦጦ ሲወርድ ሁሉም በአንድነት እጁን ያወዛውዛል።

"ጨርቅ የሌለበትን እጨጂ" አለችኝ ኩራት በሞላው ድምፅ። "ለማሽኑ እንዲቀለው ነው።"

"እማዬ፣ ይሄ እኮ ሳማ ነው። ሳማ ላይ ጨርቅ ታስራለሽ?"

"ሳማ ለደም ጥሩ ነው።"

"ያሰርሽው ጥሩ፣ ከጎኑ ያለው ያልታሰረውስ?"

"እሱ ትርፍ ነው። እጨጂው።"

"ይሄስ? ስሙ ማነው?"

"ስሙን አላውቀውም። አባትሽ ግን አይነቅለውም ነበር።"

እዚህ ላይ ምን ትላላችሁ? እሱንም ከሚተርፉት ጋር ቆጠርኩት። "አደዩም እንዳይነካ" አለች ቀጥላ፣ ቢጫውን ባሕር እያሳየችኝ። "ደመራ ሳይወጣ አደይ በማሽን አይታጨድም።"

ጋሽ ተፈራ አጥሩ ላይ በክርናቸው ተደግፈው ሁሉን ሲከታተሉ ቆይተዋል። "ልጄ" አሉኝ፣ "ጨርቅ የሌለበት ሣር ስታገኚ ጥሪኝ። አንድ ጊዜ አይቼው ልሙት።"

የተረፈኝ ከቤቱ ወደ ሽንት ቤቱ የሚወስደው መንገድና ግራ ቀኙ ነው። ዋናውም እሱ አይደለም? እናቴ የወደቀችው እዚያ ነው፤ ደረጀም የሚያየው እሱን ነው። ማሽኑን አንጠለጠልኩና የማስነሻውን ገመድ ሳብኩ። ጭጭ። ሳብኩ። ጭጭ። ጋሽ ተፈራ "ቀስ ብለሽ ሳቢው" አሉ። እናቴ "በኃይል ሳቢው" አለች። ሁለቱ ቀስና በኃይል ላይ ሲከራከሩ ሞተሩ በራሱ ፈቃድ ተነሣ።

ወይ ደስታ! ያንን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም። ዕድሜ ልኬን ጎንበስ ብዬ ኖሬ፣ ያን ዕለት ቀጥ ብዬ ቆሜ ወዲያ ወዲህ ስል ከፊቴ ያለው ሁሉ ይተኛል። የጦር አዛዥ የሆንኩ መሰለኝ። ፍርሃት ለቀቀኝ፤ ብልሃትም አብሮ ለቀቀኝ። እንዲህ እያልኩ "ትርፍ ነው" የተባለው ሳማ ውስጥ ገባሁ።

ሻጩ ልጅ እውነቱን ነው፤ ይረጨዋል። በቀሚስ ነበርኩ። ያ ክር ሳማውን እንደ ሽንኩርት ከትፎ፣ እንደ ጠበል ከቁርጭምጭሚቴ እስከ አንገቴ ረጨኝ። ሞተሩን ማጥፋት የሚባል ነገር ከጭንቅላቴ ጠፋ። አንገቴን እመታለሁ፤ ትከሻዬን እነቀንቃለሁ፤ በአንድ እግሬ እዘላለሁ። ከአጥሩ ማዶ ጭብጨባ ሰማሁ። "እንዲህ ነው እንጂ! ለበዓል ነው!" ይላሉ ጋሽ ተፈራ፣ ለካ የምጨፍር መስሏቸው ነው።

እናቴ እየሮጠች መጣች። "ቱልት! የቱልት ቅጠል እሺበት፣ ወዲያው ነው የሚያበርደው!"

"ቱልቱ የታለ?"

እናቴ እግሬ ሥር የተከተፈውን አየች። "አሁን ያጨድሽው ነዋ!"

"ጨርቅ አልነበረውም እኮ!"

"ጨርቅ አልቆብኝ ነው!"

ያን ቀን በዚህ አበቃ። በማግስቱ የወንድሜን አሮጌ ሱሪ ለብሼ፣ ሻሽ በአፌ ላይ አስሬ ተመለስኩ። አንዲት የሚዜ ሐምራዊ ጨርቅ ከነተክሏ ክሩ ላይ ተጠመጠመች፤ ሞተሩ አስነጥሶ ቆመ። ጨርቁን ፈትቼ ስጨርስ ሌላው ተጠመጠመ። ሲጎተት ክሩ ተበጠሰ፤ ጥቅልሉም አለቀ። ሌላ ሰው ቢሆን መገናኛ ወርዶ ይገዛል። እኔ ግን ክር ሰው የምለምን ሴት ነኝ? ከስፌት ቤቴ የጂንስ መስፊያውን፣ ሰውን አንጠልጥሎ የሚይዘውን ክር አምጥቼ፣ ደርቤ፣ እንደ ሹሩባ ጎንጉኜ ገጠምኩት። አስነሣሁት። እዝዝ አለ። ስመለከት ክሩ የለም። አልተበጠሰም፣ አልተጠመጠመም፤ በቃ የለም። የዚያን ክር ደብዛ እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ልጁ ስፒድ ነው ያለኝ ለዚህ ነው። መገናኛ ወርጄ ገዛሁ።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ የደመራው ዕለት ረፋድ ላይ መንገዱን ጨረስኩ። ቆሜ አየሁት። ድሮ ከቤቱ ቀጥ ብሎ ሽንት ቤት የሚደርሰው መንገድ አሁን ዳማከሴውን በግራ፣ ሳማውን በቀኝ፣ የአባቴን ስም የለሽ ተክል ዙሪያውን ዞሮ፣ አደዩን ፈርቶ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ጋሽ ተፈራን አጥሩ ጋ ሰላም ብሎ ነው የሚደርሰው። የቸኮለ ሰው ባይሄድበት ይሻላል።

እጄን ልታጠብ ቤት ስገባ አልጋዋ ላይ አንድ ፌስታል አየሁ። ውዳሴ ማርያሟ፣ የሌሊት ሹራቧ፣ የአባቴ ፎቶ። አፉ ታስሯል። ያንን ሁሉ ጨርቅ ስታስር፣ ስታዘኝ፣ ስታስቀኝ የሰነበተችው እናቴ በልቧ ተሸንፋ ነበር። እሷ ጓዳ ልብስ እየቀየረች ነበርና እንዳላየሁ ሆኜ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ የሳማው ማሳከክ አልተሰማኝም።

ደረጀ መጣ። የመኪናውን የኋላ ወንበር ባዶ አድርጎ ብርድ ልብስ አንጥፎበታል። ለመስቀል ብሎ ጥቁር ጫማውን አስጠርጓል። በሩ ላይ ቆሞ የሚያውለበልበውን ግቢ ለረጅም ጊዜ አየ።

"እትዬ፣ ታጨደ ያልሽኝ ይሄ ነው?"

"መንገዱ ታጭዷል።"

"ይሄ መንገድ ነው?"

"ሂድበትና እየው" አልኩት።

ሄደ። እናቴ ከኋላው ተከተለች። በየመታጠፊያው ታስቆመዋለች። "ይሄንን አየኸው? ሕፃን ሆነህ ሆድህ ሲነፋ የሰጠሁህ ነው። ይሄኛው ጉንፋን ሲይዝህ። ያኛውን ደግሞ ጭንቅላትህ ላይ ቅርፊት ወጥቶብህ…"

"እማዬ፣ ገብቶኛል፤ ግን ዋናው ጉዳይ ያንቺ ደኅን…"

አረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። የእኔ ማሽን እንደ ሱረት አድቅቆ መንገዱ ላይ የዘራው እርጥብ ሣር በማዳለጥ ከባሕር ዛፍ ልጥ ይብሳል። የደረጀ ጫማ ወደ ፊት ሄደ፤ ደረጀ ወደ ኋላ ቀረ። ክንዱን ዘርግቶ፣ ሰማያዊ ጨርቅ የታሰረበት ሳማ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ገባ።

ከአጥሩ ማዶ ጋሽ ተፈራ "ደግሞ ማነው የወደቀው?" አሉ።

እናቴ ከልጇ በላይ ቆማ፣ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ ቁልቁል አየችው። "ወይ ልጄን! ብቻውን የሚኖረውን ልጄን! በል ተነሥ፣ አንተን የት እንውሰድህ? አያት?"

መጀመሪያ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ጋሽ ተፈራ። ደረጀ ላለመሳቅ ታገለ፤ ሳማው ግን አንገቱን ሲያሳክከው ትግሉን ተሸነፈ። እናቴ ወለም ባለው እጇ ልታነሣው ሞከረች፤ አቃታት፤ እሷም አጠገቡ ቁጭ አለች። ሁለቱ መሬት ላይ ሆነው አለቀሱ ልበል፣ ሳቁ ልበል፣ ብቻ ቆዩ።

ስቀው ሲጨርሱ ደረጀ ወዲያው አልተነሣም። ከወደቀበት ሆኖ ወደ ሽንት ቤቱ አየ። ከዚያ ዞሮ ወደ ቤቱ አየ። ከዚያ ደግሞ ወደ ሽንት ቤቱ። እኔ ሃሳቡ አልገባኝም፤ ያመመው ነገር ካለ ብዬ ጠየቅሁት። "ምንም" አለ። ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ። ያን ቀን ማታ ሦስታችንም የሰፈሩን ደመራ አይተን ተመለስን፤ ብርድ ልብሱ መኪናው ውስጥ እንደተነጠፈ ደረጀ ወደ አያት ብቻውን ወረደ።

በጥቅምት፣ መሬቱ ሲደርቅ፣ ደረጀ አንድ ግንበኛና አንድ ቧንቧ ሠራተኛ ይዞ መጣ። ከእናታችን መኝታ ቤት ግድግዳ ጋር አያይዞ ሽንት ቤት አሠራ። ከውስጥ በር አስወጣለት፤ በጎኑ የምትይዘው ብረት አስተከለ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ሥራውን ያይ ነበር። በሩን ራሱ ቀባው፣ ሰማያዊ። ቀለሙ ሲደርቅ ብሩሾቹን አጠበና ምሳውን በልቶ ሄደ።